የዩኒቨርሲቲው ስም ወይስ የመምህሩ ሥራ? ልጆቻችን ለዶክትሬት ሲያመለክቱ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ፣ ላስ ቬጋስ፣ ግሪን ቫሊ የቀረበ ንግግር። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



አዘጋጆቹ ስለ ትምህርት እንድናገር ሲጠይቁኝ "እኔ ነርስ ነኝ እንጂ ፕሮፌሰር አይደለሁም" ብያቸው ነበር። እነሱ ግን "የእህትሽ ልጅ የወሰነችውን ሰምተናል፤ እንዴት እንደወሰነች ንገሪን፤ የሚጠይቁን ወላጆች በዝተዋል" አሉኝ። ልጅቷን አስፈቅጄ ነው የመጣሁት። "ስሜን አትጥሪ እንጂ ሌላውን ተናገሪ" ብላኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ያደገችው እዚሁ ከተማ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዋን በባዮሎጂ ጨርሳ ለኒውሮሳይንስ ዶክትሬት፣ ማለትም ስለ አንጎል፣ ስለ አከርካሪና ስለ ነርቭ ለሚደረግ የምርምር ትምህርት አመለከተች። ሁለት ቦታ ተቀበሏት። አንደኛውን ዩኒቨርሲቲ ስሙን ብጠራው ይህ አዳራሽ ያጨበጭባል። ሁለተኛውን ብጠራው "እሱ ደግሞ የት ነው ያለው?" ትላላችሁ። እሷ ሁለተኛውን መረጠች።

እህቴ ለሁለት ወር ያህል ለማንም አልተናገረችም። ቤተ ክርስቲያን ሰዎች "ልጅሽ የት ገባች?" ሲሏት "ገና ነው" እያለች ታልፍ ነበር። አልፈርድባትም። ሃያ ዓመት ሙሉ ካዚኖ ውስጥ ቆማ የሠራች እናት፣ ያ ስም የልፋቷ ደረሰኝ ነበር። እኛ አበሾች ስም እናከብራለን። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ብለን ያደግን ሰዎች ነን። ዛሬ መናገር የፈለግሁትም ስም አይረባም ለማለት አይደለም። የቱ ስም፣ ለምን ሥራ እንደሚረባ እንድንለይ ነው።

መጀመሪያ ዶክትሬት ምን እንደሆነ እንግባባ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ሌላ ዓይነት ትምህርት ነው። እኔ ከሲኤንኤ ተነስቼ የነርሲንግ ዲግሪዬን እዚህ አገር ነው የሠራሁት። ስንጨርስ ሁላችንም ኤንክሌክስ የሚባለውን አንድ ዓይነት ፈተና ወሰድን። ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ የመጣውም፣ ከማኅበረሰብ ኮሌጅ የመጣውም የሚያገኘው ፈቃድ አንድ ነው። ሌሊት ሦስት ሰዓት ላይ ስትሮክ የመታው ሰው አልጋ አጠገብ ስቆም "የት ነው የተማርሽው?" ብሎ የጠየቀኝ በሽተኛ የለም።

ዶክትሬት ግን እንዲህ አይደለም። ሁሉም የሚፈተነው አንድ የመጨረሻ ፈተና የለውም። በአሜሪካ የኒውሮሳይንስ ፒኤችዲ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ይወስዳል። በመጀመሪያው ዓመት ተማሪው ኮርስ እየወሰደ ሦስት ያህል ላብራቶሪዎች ውስጥ ተራ በተራ ለጥቂት ሳምንታት ይሠራል፤ ይህን ሮቴሽን ይሉታል። ከዚያ አንዱን መምህር ይመርጣል፤ መምህሩም ይመርጠዋል። የቀሩትን ዓመታት የሚያሳልፈው በዚያ ሰው ሥር፣ በዚያ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የሚጽፋቸው ጽሑፎች፣ የሚያገኘው የድጋፍ ደብዳቤ፣ የሚተዋወቃቸው ሰዎች ሁሉ በአብዛኛው የሚመጡት በመምህሩ በኩል ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን የቆሎ ተማሪ ሆነው ሲወጡ አኩፋዳቸውን አንግተው የሚሄዱት ወደ ትልቅ ከተማ አልነበረም፤ መምህሩ ወዳለበት ነው። ድጓ ለማስመስከር ጋይንት፣ ቤተልሔም ይኬዳል። ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ዙር አባ ይኬዳል። ቅኔ ለሚሻ ዋሸራ አለለት። እነዚህ ቦታዎች ከተማ አይደሉም፤ የማያውቃቸው መንገደኛ በአጠገባቸው ሳያያቸው ያልፋል። ሊቃውንቱ ዘንድ ግን "ከቤተልሔም የተመሰከረ ነው" ከተባለ ነገሩ ያበቃል። የተማሪው ጥያቄ "የማን ደቀ መዝሙር ልሁን?" ነበር። የፒኤችዲ ተማሪም ጥያቄ ይኸው ነው።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። ይህች ልጅ ነርቭን የመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። በልጅነቷ ወረታ ለክረምት ስትሄድ በሁለት ምርኩዝ እየተደገፉ፣ እግራቸውን እያጣመሩ የሚራመዱ ጎረቤት ነበሩን። "ምን ሆነው ነው?" ስትል "ጓያ ሰበራቸው" አሏት። የፎገራና የደምቢያ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጓያ ድርቁንም ውኃ የተኛበትንም መሬት ችሎ የሚያፈራ፣ ሌላው እህል ሲጠፋ የሚደርስ እህል ነው። ነገር ግን ችግር ሲጠናና ሰው ለወራት ጓያን ብቻ ሲበላ፣ በውስጡ ያለው ኦዳፕ የተባለ ንጥረ ነገር እንቅስቃሴን የሚያዙትን የነርቭ ሴሎች ይጎዳል። እግር ይደርቃል፤ አይመለስም። በ1970ዎቹ አጋማሽ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። ንጥረ ነገሩ ተለይቶ የታወቀው በ1964 ነው። እስከ ዛሬ ግን የተጎዳውን እግር የሚመልስ መድኃኒት የለም። ልጅቷ ማወቅ የምትፈልገው እነዚያ የነርቭ ሴሎች ለምን እንደሚሞቱና ሌሎቹ ለምን እንደሚተርፉ ነው።

ስለዚህ ሁለቱን ዩኒቨርሲቲዎች ስታወዳድር በዚህ ጥያቄ መዘነቻቸው። እኔ ከሌሊት ሥራ ስገባ፣ እሷ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደብተር ዘርግታ ትጠብቀኝ ነበር። በትልቁ ዩኒቨርሲቲ ስለ እንቅስቃሴ ነርቮች የሚሠራው አንድ መምህር ብቻ ነበር፤ እሱም በዚያ ዓመት አዲስ ተማሪ እንደማይቀበል በቃለ መጠይቁ ቀን በግልጽ ነግሯታል። የቀሩት በየመስካቸው ታላላቅ ሰዎች ናቸው፤ ጥያቄያቸው ግን ሌላ ነው። በትንሹ ፕሮግራም ልትገባባቸው የምትችል አራት ላብራቶሪዎች አገኘች፤ ሁለቱ በቀጥታ በአከርካሪና በእንቅስቃሴ ነርቮች ላይ ይሠራሉ። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ለኑሮም ይከፍላሉ። ነገር ግን የትልቁ ከተማ የቤት ኪራይ ከሚሰጣት ገንዘብ ከግማሽ በላይ ይበላ ነበር።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ወላጅ አያውቀውም። በአሜሪካ እንዲህ ባለ የሳይንስ ዶክትሬት ተማሪው መክፈል ሳይሆን ሊከፈለው ነው የተለመደው። የፌዴራሉ የጤና ምርምር ተቋም፣ ኤንአይኤች፣ በሥልጠና ድጋፉ ሥር ላሉ የፒኤችዲ ተማሪዎች በ2024 የወሰነው የዓመት መተዳደሪያ 28,224 ዶላር ነበር፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከራሳቸው ይጨምሩበታል። ሀብታም አያደርግም። ብድር ውስጥ ግን አይከትም። ስለዚህ አንድ ስመ ጥር ትምህርት ቤት "ለዶክትሬቱ አልተቀበልንህም፤ ከፍለህ ማስተርስ ተማርና ከዚያ እናያለን" ሲል ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ እንዳንሆን።

አሁን ደግሞ የሌላውን ወገን ክርክር ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። ስም በእርግጥ ይቆጠራል። በ2022 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ቋሚ መምህራን ከየት እንደተመረቁ ቆጥሮ ነበር። እዚህ አገር ዶክትሬታቸውን ከሠሩት መካከል 80 በመቶው የወጡት ከዩኒቨርሲቲዎቹ 20 በመቶ ያህሉ ከሚሆኑት ብቻ ነው። ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ልጃችሁ ሕልሙ የትልቅ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር መሆን ብቻ ከሆነ ይህን አውቆ ይግባ። የእህቴ ልጅም አውቃ ነው የገባችው። "በር ይጠብብኛል፤ ግን ባልወደድኩት ጥያቄ ላይ ስድስት ዓመት ተቀምጬ ጥሩ ሥራ አልሠራም፤ ጥሩ ሥራ ካልሠራሁ ደግሞ ስሙ ብቻውን በር አይከፍትልኝም" አለችኝ። ከዶክትሬት በኋላ ያለው መንገድም ፕሮፌሰርነት ብቻ አይደለም። መድኃኒት አምራቾች፣ ሆስፒታሎች፣ የመንግሥት የምርምር ተቋማት ይቀጥራሉ።

"ትንሽ ቦታ ምን ምርምር ይኖራል?" ለምትሉ እሩቅ ሳልሄድ እዚሁ ላስ ቬጋስን እጠቅሳለሁ። ከዚህ አዳራሽ በመኪና ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ዩኤንኤልቪ አለ። ትምህርት የጀመረው በ1957 ነው። በእኛ ሰው ዘንድ "ሌላ ቦታ ያልተሳካለት የሚገባበት" እየተባለ ሲታማ እሰማለሁ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ግን በ2018 መጨረሻ ከፍተኛ ምርምር የሚካሄድባቸው ተቋማት የሚመደቡበትን አር ዋን የተባለ ደረጃ አግኝቷል። የሕክምና ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያዎቹን 60 ተማሪዎች የተቀበለው በ2017 ነው። የኒውሮሳይንስ ዶክትሬት ፕሮግራምም አለው። መሀል ከተማ ደግሞ ያ የተጣመመ የሚመስለው፣ ፍራንክ ጌሪ የነደፈው ሕንፃ አለ፤ ታክሲ የምትነዱ ሁሉ ታውቁታላችሁ። እሱ የክሊቭላንድ ክሊኒክ የሉ ሩቮ የአንጎል ጤና ማዕከል ነው። አልዛይመርንና ፓርኪንሰንን የመሳሰሉ በሽታዎች ይታከሙበታል፤ ይመረመሩበታልም። በ2015 ይህ ማዕከልና ዩኤንኤልቪ በጋራ ከኤንአይኤች 11.1 ሚሊዮን ዶላር አግኝተዋል።

ገንዘቡ እንዴት እዚህ ደረሰ? ኮንግረስ በ1993 አይዲኢኤ የሚባል መርሐ ግብር አቋቁሟል። ከኤንአይኤች ገንዘብ ዝቅተኛ ድርሻ ሲያገኙ ለኖሩ 23 ስቴቶችና ለፖርቶ ሪኮ ተለይቶ የሚሰጥ የምርምር ገንዘብ ነው። ኔቫዳ አንዷ ናት። ስለዚህ ስሙ ያልገነነ ስቴት ውስጥ ያለ ዩኒቨርሲቲ ባዶ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። አንዳንዴ የተሻለ መሣሪያና ተማሪ የሚፈልግ መምህር ያለው እዚያ ነው። የምንኖርበትን ሰፈር እዩት፤ ስሙ አረንጓዴ ሸለቆ ነው፣ ዙሪያው በረሃ ነው። ስሙን ብቻ ሰምቶ ከብቱን ይዞ የመጣ የፎገራ ሰው ጉድ ይሆን ነበር።

በአገራችንም ያየነው ነው። ጎንደር የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1954 ሲከፈት ከአዲስ አበባ የራቀ ትንሽ ቦታ ነበር። ዓላማው ለገጠሩ የሚሆኑ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማውጣት ነበር። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በነርቭ ሕክምናም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በ1980ዎቹ ከባልደረቦቻቸው ጋር ቡታጅራ አካባቢ ገጠር ወርደው፣ ከ60 ሺህ በላይ ሰው በሚኖርበት ቀበሌ ሁሉ ቤት ለቤት ጥናት አድርገዋል። የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች ተገኙ፤ ከሺህ ሰው 5.2 ማለት ነው። ይህ ጥናት ዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ ወጥቶ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የጓያንም በሽታ አጥንተዋል። ጥያቄው ያለው ገጠር ከሆነ መልሱም የሚፈለገው ገጠር ተወርዶ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ትንሽ ፕሮግራም አደጋ የለውም ማለቴ አይደለም። መምህሩ ሥራ ቢቀይር ወይም ገንዘቡ ቢቋረጥ በትንሽ ቦታ የሚዞሩበት ሌላ ላብራቶሪ ላይኖር ይችላል። በእህቴ ልጅ ፕሮግራም በሁለተኛው ዓመት አንዱ መምህር ወደ ሌላ ስቴት ሄዷል። እሷ የገባችው ሌላው ጋ ስለነበር አልነካትም፤ የእሱ ተማሪ ግን ተቸግሯል። በ2025 ደግሞ የፌዴራል የምርምር ገንዘብ ሲናጋ፣ ትልልቆቹም ሳይቀሩ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉትን ተማሪ ቀንሰዋል። ስለዚህ ልጆቻችን ከመወሰናቸው በፊት የሚከተሉትን ይጠይቁ። እርሳስ ያላችሁ ጻፉ።

1. ልገባባቸው የምፈልጋቸው ላብራቶሪዎች ስንት ናቸው? ከሦስት ካነሱ አስቡበት። በዚህ ዓመት ተማሪ ይቀበላሉ ወይ? ይህን ለመምህሩ ራሱ በኢሜይል ጻፉለት።

2. መምህሩ የምርምር ገንዘብ አለው? እስከ መቼ? ኤንአይኤች ሪፖርተር በሚባለው የሕዝብ ድረ ገጽ ላይ የመምህሩን ስም አስገብቶ ማየት ይቻላል፤ ነፃ ነው። ጽሑፎቹን ደግሞ ፐብሜድ ላይ እዩ። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ደራሲነት ይጻፋሉ ወይ?

3. የመተዳደሪያው ገንዘብ ለስንት ዓመት ነው ዋስትና ያለው? የጤና መድን አለው? መምህሩ ቢሄድ ፕሮግራሙ ተማሪውን ይይዘዋል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን።

4. ያለፉት ዓመታት ተመራቂዎች በስንት ዓመት ጨረሱ? አሁን የት ናቸው? ስንቶቹ አቋርጠው ሄዱ?

5. አሁን ያሉትን ተማሪዎች መምህራን በሌሉበት አነጋግሩ። የእህቴ ልጅ ስድስቱን አነጋግራለች። አንድ ላብራቶሪ ላይ ሁሉም ዝም ካሉ ዝምታውም መልስ ነው።

6. ኪራዩን አስሉ። ከሚከፈላችሁ ላይ ስንት ይቀራል?

ጊዜውንም እወቁ። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ ይዘጋል፤ ቃለ መጠይቁ በጥርና በየካቲት አካባቢ ነው። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በተስማሙበት ደንብ መሠረት የገንዘብ ድጋፍ የቀረበለት ተማሪ እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ የመወሰን መብት አለው። "ነገውኑ ፈርም" የሚል ካለ አትደንግጡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።

ከወረታ፣ ከደብረ ታቦር፣ ከባሕር ዳር ለሚያመለክቱ ልጆቻችን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አንዳንዱ የፌዴራል የሥልጠና ገንዘብ ለአሜሪካ ዜጎችና ለግሪን ካርድ ባለቤቶች ብቻ ነው። ከውጭ የሚመጣ ተማሪ በምርምር ረዳትነት ወይም በማስተማር ረዳትነት ነው የሚከፈለው። ስለዚህ "የውጭ ተማሪ በምን ገንዘብ ትይዛላችሁ?" ብሎ መጀመሪያ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሙሉ ድጋፍ ያለው የመቀበያ ደብዳቤ ለቪዛ ወረቀቱ የሚጠየቀውን የገንዘብ ማስረጃም ይሸፍናል፤ ዘመድ የባንክ ደብተር ፍለጋ አይንከራተትም። የማመልከቻ ክፍያ እንዲነሣላቸው መጠየቅም ይቻላል፤ ብዙ ፕሮግራሞች ይፈቅዳሉ። ጂአርኢ የሚባለውን ፈተናም ብዙዎቹ ትተውታል።

የእህቴ ልጅ ዛሬ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ዋናውን የማለፊያ ፈተና አልፋለች፤ የመጀመሪያ ጽሑፏን እያዘጋጀች ነው። ያለችበት ከተማ አበሻ የለም ማለት ይቻላል። እንጀራ እህቴ በፖስታ ትልክላታለች፤ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ሁለት ሰዓት ትነዳለች። የመጨረሻው ውጤት ገና ነው፤ ነገ ምን ሥራ እንደምታገኝ አላውቅም። እህቴ ግን አሁን ሰው ሲጠይቃት የዩኒቨርሲቲውን ስም አትጠራም፤ "ጓያ የሚሰብረውን ነርቭ ታጠናለች" ትላለች። የአገሬ ሰው ይህን ሲሰማ ማብራሪያ አይጠይቃትም።

ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቅርቤ ልጨርስ። መንገድ፣ ውኃና የትምህርት ቤት ክፍል ሠርተናል፤ ይህ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። አንደኛ፣ ከመካከላችን በትምህርትና በሕክምና ያሉ አምስት ሰዎች በየዓመቱ ከመስከረም እስከ ኅዳር የልጆቻችንን የማመልከቻ ጽሑፍ አንብበው እንዲያርሙ እንመድብ። ሁለተኛ፣ ክፍያው ላልተነሣላቸው የአገር ቤት አመልካቾች የማመልከቻ ገንዘብ የሚሸፍን ትንሽ ሣጥን እንክፈት። ሦስተኛ፣ ለሽልማት ልጆቻችንን መድረክ ላይ ስንጠራ የገቡበትን ዩኒቨርሲቲ ስም ብቻ አንብበን አናጨብጭብ፤ ምን ሊያጠኑ እንደሆነም እንጠይቃቸው። የመጀመሪያውን ሥራ እኔ እጀምራለሁ። ሌሊት ስለምሠራ ቀን ከስምንት ሰዓት በኋላ ስልኬን አነሣለሁ፤ ቁጥሬ ከጸሐፊው ዘንድ አለ።